ከቅዳሜ ወዲህ እኅትህ ናት

ለምወድህና ለምናፍቅህ ታናሽ ወንድሜ ለገዛኸኝ፦

እንደምን ሰነበትክ? እንደምን ከረምክ? እህል ይጥምሃል? እንቅልፍ ይወስድሃል? አፍህ ውስጥ ወጣ ያልከኝ ቁስል ጠገገልህ ወይስ ገና ነው? ትኩሳቱስ ተወህ? ባለቤትህ ሜሮን በአንተ መታመም አልተጎሳቆለችም? ትንሿ ሶስና ትምህርት ቤቱን ለመደችው? እንዲህ ስደረድርብህ እንደ አገራችን ልማድ «ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብለህ እንዳትገላገለኝ። እግዚአብሔርስ ይመስገን፤ አንተ ግን ደኅና አይደለህም። ስለዚህ ያቺ ዶሪን የምትላት ሴት እንዳስተማረችህ አድርገህ መልስልኝ።

ያንን ስትነግረኝ ሳቄም እንባዬም እኩል ነው የመጣው። እዚያ እንግሊዝ ሐኪሙ በገባ ቁጥር «እንዴት ነህ?» ሲልህ አንተ «ደኅና» እያልክ፣ እሱም ደኅና ነው ብሎ እየጻፈ፣ በሽታው አጥንትህን ውስጥ ለውስጥ ሲቆረጥምህ ከረመ። ምን ታደርግ፣ እኛ አገር ሰው ቃሬዛ ላይ ተኝቶም ደኅና ነኝ ነው የሚለው። ሰላምታ መስሎህ ነበራ። እሱ ሰላምታ ሳይሆን ጥያቄ ነው፣ ከአሥር ስንት እንደሚያምህ ቁጥር ጥራለት ያለችህ ዶሪን ናት። ነገሩ ገርሞኝ እኔም እዚህ ሞከርኩት። የዒምራንን እናት እትዬ ዓሊማን በራቸው ላይ አገኘኋቸውና ከአሥር ስንት ደኅና ነዎት ብዬ ጠየቅኳቸው። ቆም ብለው አሰቡና «አልሐምዱሊላህ፣ አምስት» አሉኝ። ለካ ወገባቸው ከክረምት ጀምሮ አላስተኛቸውም ኖሯል። ግድግዳ ለግድግዳ ተጠግተን ስንኖር፣ በየማለዳው እንዴት አደሩ ስላቸው፣ አንድ ቀን እንኳ አልነገሩኝም ነበር።

እኛም እንግዲህ በዶሪን ሥርዓት እንንገርህ። እማዬ ሰባት ናት፤ ጉልበቷን ይይዛታል እንጂ ቤተ ክርስቲያን መሄዷን አልተወችም። እኔ ስምንት ነኝ። አንዷን የቀነስክብኝ አንተ ነህ፣ አንዷን ደግሞ ሽንኩርቱ፤ መንገድ ሲዘጋ ጭነት መኪናው ይቀርና እጄ ላይ ይበሰብሳል። ማሽላው ዘንድሮ ደኅና ነው፤ የወፍ ጥበቃው አልቆ ቆረጣ ላይ ነን። ዒምራን ያንኑ ሚኒባሱን ከቆቦ ሮቢት፣ ከሮቢት ወልድያ ይነዳል። እሱን ከአሥር ስንት ነህ ብዬ ብጠይቀው መኪናው ስንት እንደሆነ ነው የነገረኝ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። የዛሬ ዘጠኝ ቀን፣ እሑድ ስትደውል ለእኔ ብቻ የነገርከኝን ይዤ ልቀመጥ ሞክሬ ነበር፤ አልቻልኩም። ለዒምራን ነገርኩት፣ ዒምራን ደግሞ ከእማዬ መደበቅ መቼ ያውቃል። ስለዚህ ሁላችንም ሰምተናል። መድኃኒቱ የደም ካንሰሩን አስተኛው እንጂ አላጠፋውም፣ ተመልሶ ሳይነሳ የሌላ ሰው መቅኔ ሊሰጡህ ይፈልጋሉ። መቅኔዋ ካንተ ጋር ገጥሞ የተገኘ አንዲት ሴት አለች። እሺ ብላለች። እሺ ያላልከው አንተ ነህ። ስሟን የማይነግሩኝን፣ ላመሰግናት የማልችላትን ባዕድ ሴት መቅኔ ወስጄ እንዴት እኖራለሁ አልከኝ፤ እስከ ፊታችን ዓርብ አስብበታለሁ ብለህ ከሐኪሞቹ ቀን ወሰድክ። እኔ በስልኩ ዝም ያልኩት ቃል ጠፍቶኝ ነው። አሁን ቃሉን ስላገኘሁት ነው የምጽፍልህ። ገጾቹን ዒምራን በስልኩ ፎቶ አንስቶ ኔትወርክ ያለበት ቦታ ሲደርስ ይልክልሃል፤ ዋናውን ወረቀት የሜሮን ዘመድ ሲመለስ ያደርስልሃል።

እሱን ከመናገሬ በፊት ግን ሲከነክነኝ የሰነበተውን ልጠይቅህ። አንተ መቼ ነው የጠቆርከው? ለመሆኑ እዚህ ሰፈር ስምህ «ቀዩ» አልነበረም? እማዬ ፀሐይ እንዳያጠቁርህ እያለች በነጠላዋ ስትሸፍንህ፣ እኔን ጥቁሯን ግን ለዚያ የቆቦ ፀሐይ ትታኝ፣ ውኃ ቅጂ ትለኝ ነበር። ጥቁር ሕሙማን የሚገናኙበት ማኅበር ገባሁ ስትለኝ ለእማዬ እንዴት እንደማስረዳት ጨነቀኝ። ስነግራት ደንግጣ «ሕመሙ ነው ያጠቆረው?» አለችኝ። አይደለም፣ እዚያ አገር እኛን የመሰለ ሁሉ፣ ቀዩም ጠይሙም፣ አንድ ላይ ጥቁር ነው የሚባለው አልኳት። ትንሽ አሰበችና «እንኳን አንድ ላይ ሆኑ፤ ብቻውን ከሚሆን ይሻላል» አለች። እኔ ግን አልጠገብኩም። መጀመሪያ ቀን ስትገባ ምን ተሰማህ? እኔ እዚህ ምን አገባኝ አልክ? ወይስ ስታያቸው ደስ አለህ?

ስለ ማኅበሩም ገና ብዙ አልነገርከኝም። ሐሙስ ሐሙስ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ባለ አዳራሽ እንደምትገናኙ ሰማሁ። እንደ ቅሬ ነው? ሰብሳቢ አለው? የቀረ ሰው ይቀጣል? ቅሬ እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ነው ድንኳን የሚተክለው፤ የእናንተው ሰው ሳይሞት መሰብሰቡን ወደድኩት። ዶሪን አውቶቡስ ነጂ ነበረች ስትለኝ ዒምራን በጣም ነው ደስ ያለው፤ የስንት ሰው አውቶቡስ ነበር ብለህ ጠይቅልኝ ብሏል። እሷ ራሷ የመቅኔ ካንሰር ይዟት ይህን ያህል ዓመት ቆማ መሄዷ፣ ደግሞም ለሌላው መድረሷ ይገርመኛል። ሐኪም ዘንድ ስትገቡ አብራችሁ ትገባለች አልከኝ። ያልገባህን ነገር ጭንቅላትህን እየነቀነቅህ እንዳትወጣ፣ እንደገና ንገረኝ በል ብላ እንደምትጎስምህም ነግረኸኛል። ጠጉሯ ላለቀባት ሴት የሻሽ አስተሳሰር ታሳያለች፤ ሽታ ለሚያስመልሰው ሰው ሽታ የሌለው ምግብ ሠርታ ታመጣለች። ምንድን ነው ግን ሽታ የሌለው ምግብ? እስቲ አሠራሩን ጠይቀህ ንገረኝ።

ለምን ለጥቁሮች ለብቻው ሆነ ብዬ ስጠይቅህ የመለስክልኝን ብዙ ቀን አሰላስዬዋለሁ። መቅኔ ለመስጠት ፈቃደኛ የሆኑ ሰዎች በሚመዘገቡበት መዝገብ ውስጥ አብዛኛው ነጭ ነው፣ የመቅኔ ምልክት ደግሞ ከአያት ቅድመ አያት የሚወረስ ስለሆነ ነጩ ቶሎ ያገኛል፣ የእኛ ሰው ግን ፈልጎ ፈልጎ ያጣል አልከኝ። ይህ የገባኝ በማሽላ ነው። በዚያ ክፉ ዓመት ጎተራችን ባዶ ሲቀር ከእርዳታ ዘር መጥቶ አልነበር? ከረጢቱ ተራራ ያህል ነበር። የኛው ማሽላ ደጋሊት ግን አንድ ፍሬ አልነበረበትም፤ ለኛ መሬት የሚሆነን ደግሞ ደጋሊት ነው። መጨረሻ ላይ ያገኘነው ዋጃ ድረስ ሄደን፣ አንዲት ሴትዮ ቤት ነው፤ ቆጥባ ያስቀመጠችው ነበራት። ዘሩ ያለው የዘራው ሰው ቤት ነው። ለዚህ ነው እንግዲህ እነ ዶሪን በየቤተ ክርስቲያኑ፣ በየመስጊዱ፣ በየጠጉር ቤቱ እየዞሩ ወጣቶቹን ጉንጫችሁን በጥጥ አስነኩ የሚሉት። ያቺ መቅኔዋ የገጠመልህም ሴት ምናልባት አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስትወጣ፣ ወይም ጠጉሯን ስትሠራ፣ ጉንጯን አስነክታ የረሳችው ይሆናል። ይህን ሳስብ ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ዒምራን ነገር ልምጣ፤ ቅር ብሎሃልና። የኛን ጉንጭ የሚነኩበት ጥጥ ከእንግሊዝ ተልኮ በአዲስ አበባ በኩል ሲመጣ ወልድያ ድረስ ሄዶ የተቀበለው ዒምራን ነው። ጤና ጣቢያ ወሰድነው። ራሔል የምትባል ነርስ አለች፤ ገና በሃያዎቹ ናት፣ ከሩቅ አገር ተመድባ የመጣች። የሚመረመሩት ወንድምና እኅቶቹ ብቻ ናቸው አይደል ብላ ጠየቀችን። አዎን አልን፣ ሁላችንም በአንድ አፍ። እኔ አፌን ከፈትኩ፤ ጥጡ አንድ ጉንጬን ከውስጥ አሸት አሸት አደረገና ወጣ። ደም ይቀዳሉ ብዬ ስፈራ ምራቅ ሆኖ አረፈው። ምራቅ የደምን ነገር በምን ያውቃል? ይህንንም ዶሪንን ጠይቅልኝ። ቀጥሎ ዒምራን ተቀመጠ። ራሔል የአባቱን ስም ስትጽፍ ቀና ብላ በአባት ይለያሉ እንዴ አለች። እማዬ «ጡቴን ጠብቶ ያደገ ልጄ ነው» አለቻት። ራሔል አየቻት፣ ከዚያ ዒምራንን አየችው፣ ሳቋ መጣ። ጥጡን ግን አልከለከለችውም። አገሩ አዲስ ቢሆንባትም ሰው ታውቃለች።

እንግዲህ ከእንግሊዝ የመጣው መልስ እኔን ግማሽ፣ ዒምራንን ምንም አለ። ሐኪሞቹ ይህ ሰው ወንድምህ አይደለም፣ በቤተሰቡ ውስጥ የተሸሸገ ነገር አለ ወይ ብለው ጠየቁኝ፣ በሰው ፊት አፈርኩ፣ ለምን ላካችሁት ብለህ ተቆጣህ። እንዴት ሳንልከው እንቅር? ወላሂ ነው የምልህ፣ ለአፍታ እንኳ ውል አላለልንም። ወንድሞቹን ላኩ አላችሁ፣ ላክን። የሥጋ ወንድም ብላችሁ ብትጽፉም ለውጥ አልነበረውም፤ እማዬ ዒምራንን የሥጋ ልጄ አይደለም ብላ በአፏ አታወጣውም። እንኳን ለጥጥ ብላ ለፍርድ ቤትም አትለው።

የገረመኝ ሌላ ነው። እኔ ካንተ ጋር በአንድ ማኅፀን ያደርኩ ግማሽ ሆኜ፣ አይተናት የማናውቃት ሴት ሙሉ ሆነች። ልክ ነው፣ ትንሽ ቀንቻለሁ። ልጅ ከእናቱ ግማሽ፣ ከአባቱ ግማሽ ይወስዳል፣ የትኛውን ግማሽ እንደሚወስድ ግን ዕጣ ነው፣ አንተና እኔ በእማዬ በኩል ተገናኝተን በአባባ በኩል ተለያይተናል ብለህ አስረዳኸኝ። ከአባባ አንዱን ክፍል አንተ፣ አንዱን እኔ ወሰድን ማለት ነው። ነፍሱን ይማርና፣ እሱ ራሱ ይህን ቢሰማ ሲያካፍለን የኖረው ለዚህ መሆኑን ይነግረን ነበር። ግን ያቺ ሴት የአባባን ክፍል ከየት አመጣችው? ቅድመ አያቶቿ በዚህ አልፈው ይሆን? ከአፋር ወገን ትሆን፣ ከሱዳን፣ ከሶማሌ፣ ከኤርትራ? ወይስ ከራያ ድሮ የወጣ ሰው የልጅ ልጅ ናት? ደግሞ ደምህ ከዚያ በኋላ የሷን ዓይነት ይሆናል አልክ። ታዲያ ያማራት ያምርሃል? ግልፍተኛ ከሆነች አንተም ትሆናለህ? ሶስና አባቷን ትለየዋለች አይደል? እንደ ሞኝ አትየኝ፤ ካልጠየቅኩ አላውቅም።

ለዒምራን ውጤቱን የነገርኩት እኔ ነኝ፤ ሚኒባሱን መናኸሪያ አቁሞ ሰው ሲጠብቅ። መሪውን እንደያዘ ቀረ። «ምንም ማለት ምን ማለት ነው? አንድ እንኳ የለኝም?» አለኝ። ምንም አልኩት። «ከመንገደኛው እኩል ነኝ ማለት ነው?» አለኝ፣ ዓይኑ እንባ ሞላ። ተሳፋሪ ገባ፣ እሱም ሞተሩን አስነሣና ሄደ። እሑድ አንተ የነገርከኝን ሰኞ ጠዋት ስነግረው ግን ሳቀ። አሁን አገኘሁት አለ። ከዚያ የነገረኝን ቃል በቃል ልጻፍልህ፤ ጻፊለት ብሎኛልና።

ከሱ ቃል በፊት ግን የጡቱን ነገር እኔ ላስታውስህ፤ አንተ ታውቀዋለህ፣ ግን በኔ ዓይን አላየኸውም። ሁለታችሁ ስትወለዱ እኔ ለአቅመ መላላክ የደረስኩ ልጅ ነበርኩ። እትዬ ዓሊማ ዒምራንን እንደ ወለዱ ክፉ ወባ ጣላቸው፤ ወተታቸው ነጠፈ፣ እንኳን ልጅ ራሳቸውንም አያውቁም። እማዬ አንተን ታጠባ ነበር። ዒምራንን አምጡት አለች። እኔ አንዱን ታቅፌ ሌላው ሲጠባ እጠብቃለሁ፤ አንዱ ሲጠግብ እቀይራቸዋለሁ። አንተ ወፍራሙ ነበርክ፣ ከሳህ። ጎረቤት መጥቶ ልጅሽን ልታሳጪው ነው ቢላት እማዬ አልሰማችም። እትዬ ዓሊማ ተነሥተው ልጃቸውን ሲያዩት ከአንተ ይወፍር ነበር። ይህን እኔ በዓይኔ ያየሁት ነው።

ዒምራን ያለው እንዲህ ነው። «ንገሪው። እኔ የሱን ወተት እኩሌታ ጠጥቻለሁ። የማን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ማንም ፈቃዴን አልጠየቀኝም፣ እኔም አላመሰገንኩትም። ዛሬም ድረስ አላመሰገንኩትም፤ ወንድም ወንድሙን ለወተት አያመሰግንም። ከስቶልኛል። አሁን ተራው የሱ ነው። ይጠጣ፤ ከማን ነው አይበል።» ይህን ብሎ በሩን ዘጋና ሮቢት፣ ሮቢት እያለ ሰው መጥራት ጀመረ።

እማዬን የከነከናት ደግሞ ሌላ ነው፤ ስሟ። ቅዳሴ ላይ ልታስጠራት ፈልጋ መምሬ አራጌ ዘንድ ሄደች። የክርስትና ስሟ ማን ነው አሏት። አላውቅም አለች። ክርስቲያን ናት ወይ አሏት። እሱንም አላውቅም አለች። አገሯስ አሏት። እሱንም። መምሬ አራጌ አዝነው፣ ስሟን እግዚአብሔር ያውቀዋል፣ እንዲሁ እናስባታለን አሏት። እትዬ ዓሊማም እኛ ዱዓ ስናደርግ ስም የግድ አይደለም፣ አላህ ሴትየዋን አይስታትም ብለው ሊያጽናኗት ሞከሩ። እማዬ አልተጽናናችም። «ልጄን በአጥንቷ ልታጠባልኝ የመጣችውን ሴት ስም የለሽ አድርጌ አላስቀምጥም» አለች። ያን ቀን ማታ ራት አልበላችም።

በነጋታው ሐሳብ ይዛ ተነሣች። የጡት ልጅ አደርጋታለሁ አለች። ትልቅ ሰው የጡት ልጅ ሲሆን እናት አውራ ጣቷን ማር ነክራ እንደምታጠባ ታውቃለህ። ግን ሴትየዋ የለችም፤ ማን ይጥባ? እትዬ ዓሊማ ናቸው መላውን ያመጡት። ኒካሕ በወኪል ይታሰር የለም ወይ፣ ጡትስ በወኪል ለምን አይጠባም አሉ። ሁላችንም ልክ ነው አልን። ወኪሏ በዕድሜዋ የምትቀርባት ሴት ትሁን ተባለና የዒምራን ሚስት ፈሪሀ ተመረጠች። ፈሪሀም ደስ ብሏት ልብሷን ቀይራ መጣች። እማዬ ጣቷን ማሩ ውስጥ ልትነክር ስትል እትዬ ዓሊማ ብድግ አሉ። «ቆዩ፣ ቆዩ፤ ፈሪሀ የዒምራንን የጡት እናት የማሚቴን ጡት ከጠባች እኅቱ ልትሆን አይደል? ባልና ሚስቱን ልታፋቱብኝ ነው?» አሉ። በዚህ ዕድሜ፣ በማር፣ በዚያ ላይ በውክልና፣ ሃይማኖቱ እንደዚያ ይለው አይለው እንጃ፤ ዒምራን ግን እንዲህ ሲደነግጥ አይቼው አላውቅም። ፈሪሀን በክንዷ ይዞ በር ድረስ ወሰዳት። ሳቃችን በሰፈሩ ሁሉ ተሰማ፤ እማዬ ራሷ አንተ ከታመምክ ወዲህ እንዲህ ስቃ አታውቅም።

ስለዚህ ራሔልን ጠራናት። ቅዳሜ፣ የቁስቋም ዕለት፣ ከሥራ ስትወጣ መጣች። ነገሩን ስናስረዳት ፈዝዛ ሰማችን፤ መጀመሪያ ጥጥ፣ አሁን ደግሞ ማር አለች። እሺ ግን አለች። ወክላት የምትጠባውን ሴት እሷም እንደኛ አታውቃትም። መምሬ አራጌ በአንድ ወገን፣ እትዬ ዓሊማ በአንድ ወገን እማኝ ሆነው ተቀመጡ። እማዬ አውራ ጣቷን ማር ነከረችና ራሔል አፍ ውስጥ አገባች። «በልጄ በገዛኸኝ አጥንት ውስጥ የምትገቢው፣ የትም ሁኚ የማንም ልጅ ሁኚ፣ ከዛሬ ጀምሮ ልጄ ነሽ። ስምሽ የኔነሽ ነው። ቤቴ ቤትሽ ነው» አለቻት። መምሬ አራጌ መረቁ፤ እትዬ ዓሊማ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ። ራሔል አልቅሳ ነበር። እናቷ ሩቅ ናት። እኔስ ልጅሽ አልሆንኩም ወይ ብላ ስትጠይቃት፣ እማዬ አንቺማ አሁን በዓይኔ የማይሽ ልጄ ነሽ አለችና አቀፈቻት። ዓርብ ሚካኤል ነው፤ እማዬ የኔነሽን በስሟ ልታስጠራት ተዘጋጅታለች። መምሬ አራጌም እሺ ብለዋል።

እንግዲህ ወንድሜ፣ ከባዕድ አልወስድም ያልከው ቀርቷል። ከቅዳሜ ወዲህ እኅትህ ናት። ሐኪሞቹ እንደ ዒምራን ይህችም እኅትህ አይደለችም ቢሉህ፣ ይበሉ፤ አንተ አትከራከራቸው፣ እፍረትም አይሰማህ። ማመስገኑን ዒምራን ነግሮሃል። የምትከፍለው ነገር ካለ ኖረህ ክፈል። እኔ ፈርቻለሁ ገዛኸኝ፤ ልደብቅህ አልፈልግም። አንተን ከማጣ ደምህ ተለውጦ፣ ጠባይህ ተለውጦ፣ ሽንኩርት ጠልተህ ብትመጣብኝ ይሻለኛል። ዓርብ ሲጠይቁህ እሺ በላቸው። ብቻህን በሚያስተኙህ ክፍል ውስጥ ወረቀት ማስገባት ይፈቀድ እንደሆነ ጠይቅ፤ ከፈቀዱ ይህን ይዘህ ግባ፣ ካልፈቀዱ ሜሮን ከመስተዋቱ ማዶ ሆና ታንብብልህ።

እማዬ ትስምሃለች፣ ጉልበቴን አታስብ ብላሃለች። እትዬ ዓሊማ አብሽር፣ አላህ ያሽርህ ብለዋል። ዒምራን በወተቱ ይዤሃለሁ ብሏል። ፈሪሀ ሰላም ብላሃለች፤ እስካሁን ባሏ ዘንድ ናት። ራሔል ጥጡን በደንብ አድርጌ ነበር የላክሁት ብላለች። ሜሮንን እኔ እንደማቅፋት አድርገህ እቀፍልኝ፣ ብቻዋን እንዳይከብዳት ለነዶሪን ንገርልኝ። ሶስናን ጉንጯን ሳምልኝ፣ አክስት ተጨምሮላታል በላት። ለዶሪን ቆቦ ውስጥ ስሟ በየቀኑ ይነሣል በላት፤ ሰፈሩ ከአሥር ስንት መባባል ጀምሯል።

አንድ ነገር ደግሞ ከእማዬ። መቅኔዋን የሰጠች ቀን የኔነሽን ከአሥር ስንት እንዳመማት እንዲጠይቁልን ሐኪሞቹን ለምናቸው። ስሟን አይንገሩን፣ ቁጥሩን ብቻ ይንገሩን። «ደኅና ነኝ» ካለቻቸው ግን እማዬ እንዳያምኗት ብላለች፤ የኛው ልጅ ናት ማለት ነው።

እኅትህ ብርቱካን
ቆቦ፣ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.